የኮስፕሌይ ትጥቅና የድሬ ሙቀት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአነስተኛ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) መሰባሰቢያ ላይ የኮስፕሌይ (እንደ ገጸ ባሕርያት ለብሶ የመታየት) ትጥቅ፣ ማለትም የደረትና የክንድ መከላከያ፣ አሠራር ለማሳየት ለሚሰናዱ የድሬ ልጆች ይህቺን ብታወጡልን።

ትጥቁ የሚሠራው ከኢቪኤ ፎም ነው፤ ያ ሕፃናት የሚድሁበት፣ ጥርስ በጥርስ የሚገጣጠመው የወለል ምንጣፍ። ለደረት 10፣ ለክንድ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። ፎም የከተር ስለት ቶሎ ያዶለዱማል፤ የዶለዶመው ደግሞ ይቦጫጭቃል እንጂ አይቆርጥም። የስለቱን የዶለዶመ ጫፍ ቶሎ ቶሎ መስበር ነው።

ዋናው ጣጣ ማስቲሹ ነው። ጫማ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ሁለቱንም ጠርዝ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያ መታገሥ። በጣት ሲነኩት ያዝ እያደረገ እጅ ላይ ካልቀረ ያኔ ይጋጠማል። እርጥብ ሳለ የተጋጠመ ይንሸራተታል። በግንቦት ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ አንድ ክንድ ሳይጨርሱ ሌላውን አይቀቡ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የተተወ ትጥቅም ማስቲሹ ለስልሶ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ መጠገኛ ትንሽ ይያዝ።

ሽታው ራስ ያዞራል፤ የሕክምና ማስክ አያስቀረውም። አዳራሽ ዘግቶ ከመሥራት በረንዳ ይሻላል፤ ለታዳጊዎች አዋቂ ያጣብቅላቸው።

ማሳያው 90 ደቂቃ ከሆነ 10 ሰው ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ ቀለምም ቀብቶ አይጨርስም። ፎሙ ተቆርጦ ይምጣ፣ አንድ የክንድ መከላከያ ብቻ ይሠራ። ቀለሙ ለቤት ነው፦ ፎሙን በሙቅ አየር መተኮስ፣ ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኖ ሦስት ጊዜ መደረብ፣ በየመሃሉ ማድረቅ። ያለዚያ ፎሙ ቀለሙን ይመጠዋል።

ኮስፕሌይ ሠሪዎች፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ