ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ልጆቻችንን ተቀበላችሁን፣ ድምፃቸውን ግን አታርቁብን

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ትምህርት ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የአዳሪ ተማሪዎችን ከወላጆቻቸው ጋር ስለማገናኘት

ይህን የምጽፈው ልጁን አዳሪ ትምህርት ቤት የላከ አባት ሆኜ ነው። ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም።

አስቀድሜ ላመስግን። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ሰፈራችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። በዚያ ወቅት ቀና ብለው ከታዩት መካከል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩበት። ልጄ የመግቢያ ፈተናውን ሲያልፍ እልል ያልነው ለዚህ ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው። መምህራኑም ይደክማሉ። የእኔ ጥያቄ ልጁ በሩን አልፎ ከገባ በኋላ እኛ ወላጆች የት እንደምንቀር ነው።

ተማሪ ስልክ እንዳይዝ ተከልክሏል። ክልከላውን እደግፋለሁ። በምትኩ ያለው ግን እሁድ ከሰዓት የጥበቃው ስልክ ነው። ልጆቹ ይሰለፋሉ። ካርዱን የሚሞላው ራሱ ልጁ ነው። ልጄ ሲደውል ከኋላው የወረፋው ጫጫታ ይሰማኛል። «አባዬ ደህና ነኝ፣ እማዬስ? ወረፋ አለ፣ ቻው።» በቃ። አንድ እሁድ ድምፁ ሰለል አለብኝ። «አሞሃል እንዴ?» ስል ተቋረጠ። ታይፎይድ ይዞት ስምንት ቀን ክሊኒክ እንደተመላለሰ የሰማሁት ለሴሚስተር እረፍት ሲመጣ ነው። ከትምህርት ቤቱ ማንም አልደወለልኝም።

የእኔስ ይሁን። ሱቄ ድረስ የምትመጣ አንዲት የገጠር እናት አለች። ልጇ ከልጄ ጋር ነው የምትማረው። ውጤት የሚላከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የእሷ ስልክ ግን መደወያ ብቻ ነው። ማንበብም አትችልም። ስለዚህ ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ የማነብላት እኔ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር «ደረጃ፣ 31ኛ» ብዬ አነበብኩላት። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና ዝም አለች። ልጅቷ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከአንደኝነት ወርዳ አታውቅም። «ወንድሜ፣ ምን ሆነችብኝ? ማን አሳተብኝ?» አለችኝ። አማካይ ውጤቷ 86 ነበር! እዚያ የገቡት ሁሉ በየመንደራቸው አንደኛ የነበሩ ልጆች ናቸው ብዬ አስረዳኋት። ይህን ሊነግራት የሚገባው ግን ስም ጠሪው መምህር ነበር። ለካ ልጅቷም በደረጃዋ አፍራ ሦስት እሁድ ሙሉ ሳትደውል ቀርታለች። እናት በመንደሯ፣ ልጅ በዶርሟ፣ በአንድ ቁጥር የተነሳ ሲያለቅሱ ከረሙ።

የምንለምነው ከባድ ነገር አይደለም። አዲስ ሲስተም ይሠራ፣ ለወላጅ ስማርት ስልክ ይታደል አላልንም። ገበሬውም ነጋዴውም ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሦስት አራት ስልክ ይቀመጥ፤ ሒሳቡን ትምህርት ቤቱ ይክፈል። ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አሥር ደቂቃ በተራ ይያዝለት። አሥር ደቂቃ ካለ ልጅ መጀመሪያ «ደህና ነኝ» ይላል፤ እውነቱን የሚያወጣው ዘግየት ብሎ ነው። በሁለት ደቂቃ የሚገኘው ያ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስም ጠሪው መምህር ደግሞ በወር አንዴ፣ ወላጅ በሚሰማው ቋንቋ፣ ደውሎ ያነጋግረን። ልጅ ሲታመም በዚያው ቀን ይነገረን። ይህ ሁሉ መመሪያ ሆኖ ይውረድ። ደግ ርእሰ መምህር ሲገኝ የሚደረግ፣ ሲቀየር የሚቀር አይሁን።

የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም አለ። ስብሰባው ሲጠራ የሚገኘው ግን የከተማው ወላጅ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ገበሬ በአጨዳ ወቅት በሬውንና እህሉን ጥሎ እንዴት ይምጣ? ከእረፍት መልስ ልጆቻችንን ስናደርስ ብዙዎቻችን እዚያው ግቢ በር ላይ ነን። ስብሰባው ለዚያ ቀን ይሁንልን። ዶርሙንም፣ ካፌውንም፣ በጾም ወራት ምን እንደሚበሉም በዚያው እናያለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት የወላጆቻቸውን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዶርም ስለገባ ይህ መብት ከበሩ ውጭ አይቀርም።

የፊታችን ቅዳሜ ያቺ እናት ትመጣለች። እንደ ሁልጊዜው ከሰላምታ በፊት «ደወሉ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን በፊት «አዎ» የምላት ነገር እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳሪ ተማሪ አባት