ዴልሂ ስትገቡ ድምፃችሁ እንዳይጠፋብኝ

እታለሜ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬ የሕክምና ቪዛ ወጣ ያልሽበትን የድምፅ መልእክት ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እናንተው ጋ ነው። ለጉዞው ያልኩትን ገንዘብ ዛሬ ልኬዋለሁ፤ ቁጥሩን በቴሌግራም ታገኚዋለሽ። ከላዩ ላይ የስልኩን ወጪ ለይተሽ ያዢ፣ ከሆስፒታሉ ጋር አትቀላቅዪው። አባዬ ዝምታዬን በሌላ እንደተረጎመው ሰምቻለሁ። እናንተ ስትነቁ እኔ የሌሊት ሥራ ላይ ነኝ፣ እናንተ ስትተኙ እኔ ገና ቀኑ አልመሸም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ረሳን ብሎ እንዳያስብ እባክሽ ንገሪልኝ።

አሁን የምጽፍልሽን በደንብ አንብቢው። እማዬ የልብ ቫልቭ ልትታከም ሰው አገር ገብታ፣ አንቺ መንገድ ላይ ሆነሽ፣ ስልካችሁ ዝም ቢል እኔም አባዬም አንችለውም። መላው ደግሞ ውድ አይደለም፤ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ መውጣት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የኢትዮጵያ ሲምሽን ከስልኩ እንዳታወጪ። የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው፤ ዋትስአፕም ሆነ ቴሌግራም የተከፈቱት በእሱ ቁጥር ነው። ከመነሳታችሁ ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ 994 ደውለሽ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም ሄደሽ ሮሚንግ፣ ማለትም ሲምሽ በሰው አገር ኔትወርክ የሚሠራበት አገልግሎት፣ ክፍት መሆኑን አረጋግጪ፤ የሕንድን ታሪፍም ጠይቂ፣ ሒሳብም ሙዪበት። ሕንድ ሆነሽ አጭር መልእክት መቀበል አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም፤ የተደወለልሽን ማንሳት ግን ያስከፍላል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ በቀጥታ እንዳይደውል ከአሁኑ ተናገሪ። የዚህን ሲም ዳታ ሮሚንግ ደግሞ ዝጊው። ሒሳብ የሚበላው እሱ ነው፤ ምንም ሳትነኪው ስልኩ በራሱ አፕ ሲያድስ፣ ፎቶ ሲጭን ያደረ ብር ጠዋት የለም።

ሁለተኛው መስመር ኢሲም እንዲሆን ነው የፈለግኩት። ፕላስቲክ የለውም፣ ስልኩ ላይ የሚጫን ነው። ስልክሽ ይቀበል እንደሆነ ለማወቅ *#06# ደውዪ፤ ከሚወጡት ቁጥሮች መካከል ኢአይዲ (EID) የሚል ረጅም ቁጥር ካለ ይቀበላል። ካለ የሕንዱን ጥቅል እዚህ በካርዴ እገዛና ኪውአር ኮዱን እልክልሻለሁ፤ 3 ጊጋባይት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል። ኮዱን በአባዬ ስልክ ክፈቺውና በራስሽ ስልክ ካሜራ አንብቢው። ይህን ቤት ሆነሽ፣ ዋይፋይ እያለ ጨርሺ፤ ኢሲም ለመጫን ራሱ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ዴልሂ ወርደሽ እጭነዋለሁ ካልሽ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ልትፈልጊ ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ አልሠራ ቢልሽ እንኳ በፍጹም አታጥፊው። አብዛኛውን ጊዜ ያው ኮድ ሁለተኛ አይሠራም።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና የዳታውን መስመር ወደ ኢሲሙ ቀይሪ፤ የኢሲሙን ዳታ ሮሚንግ ክፈቺ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሮሚንግ ያስከፍላል ሲባል ሰምቶ ሁለቱንም ይዘጋና መስመሩ ሞተ ይላል። ኢሲሙ የሕንድ ኔትወርክ የሚጠቀመው በሮሚንግ ነው፣ ዋጋውም አስቀድሞ ተከፍሏል፤ የሚዘጋው የኢትዮጵያው ብቻ ነው። ዳታን በራሱ ከሲም ሲም የሚያዘዋውር ምርጫም አለ፣ እሱንም አጥፊው፤ አለበለዚያ ኢሲሙ ሲደክም ስልኩ ሳይነግርሽ ወደ ኢትዮጵያው ይዞራል። ኔትወርኩ እያለ ኢንተርኔት እምቢ ካለ የአውሮፕላን ሁነታውን አብሪና አጥፊ፤ ካልሆነም ኤፒኤን (APN) የሚለውን የኢንተርኔት መግቢያ ስም ከኮዱ ጋር ከምልክልሽ ጽሑፍ ጋር አስተያዪ።

ስልክሽ ኢሲም የማይቀበል ከሆነ አትጨነቂ፣ ሁለተኛው የሲም ቦታ ባዶ ይሁን። አየር ማረፊያው ውስጥ ሲም የሚሸጡ አሉ። የዴልሂ አየር ማረፊያ ነፃ ዋይፋይ ላይ ግን ተስፋሽን አትጣዪ፤ በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ ይጠይቃል፣ ለውጭ ቁጥር ኮዱ የማይደርስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሆስፒታሉን ስም፣ አድራሻና የሚቀበላችሁን ሰው ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ አንዱን ቅጂ እማዬ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። የሕንድ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው፤ እሱንም ጻፊው።

ከተረጋጋችሁ በኋላ የሕንድ ሲም ያስፈልግሻል፤ የጉዞ ኢሲም በአብዛኛው ዳታ ብቻ ነው፣ ቁጥር የለውም። ታክሲ ለመጥራትም፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ለመቀበልም ብዙ ጊዜ የሕንድ ቁጥር ይጠየቃል። ፓስፖርትሽን፣ የታተመ ቪዛሽን፣ የምታርፉበትን አድራሻና ጉርድ ፎቶ ይዘሽ ወደ ስልክ ኩባንያው ዋና ሱቅ ሂጂ፤ መንገድ ዳር ያሉ ትንንሽ ሱቆች ለውጭ ዜጋ እሺ አይሉም። የውጭ ታካሚ የሚያስተናግዱ ሆስፒታሎችም በዚህ ይረዳሉና ጠይቂያቸው። በዚያው ቅጽበት ላይከፈት ይችላል፤ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ኢሲሙን ያልኩሽ ይህችን ክፍተት እንዲሸፍን ነው። የእማዬ የቁልፍ ስልክ ላይ ጂዮ የሚባለውን የሕንድ ስልክ ኩባንያ ሲም አትክተቺ፤ ጂዮ 4ጂና ከዚያ በላይ እንጂ የድሮውን ኔትወርክ አያውቅም። ኤርቴል የሚባለው ሌላው ኩባንያ ይሻላታል። ለአንቺ ጥቅሉ ለ28 ቀን ሆኖ በቀን 1.5 ጊጋባይት የሚሰጠው በቂ ነው። የቀኑ ካለቀ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ግን እስከ እኩለ ሌሊት በጣም ይንቀራፈፋል፤ ያኔ ቪዲዮውን ትተሽ በድምፅ መልእክት እንነጋገራለን። በግምት የዋትስአፕ ቪዲዮ በደቂቃ 5 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይበላል፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ዋትስአፕ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጊ፤ የቤተሰብ ግሩፑ የሚልከው ብቻ የቀንሽን ይጨርሰዋል።

አዲስ ሲም ስትከቺ ዋትስአፕ ቁጥር ልቀይርልሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። አይሆንም በዪው።

የእማዬ ስልክ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ አስተካክዪልኝ። እማዬ ሁሉንም በ09 ነው የመዘገበችው፣ የሳፋሪኮሞቹን በ07። ከሕንድ ይህ አይሠራም። 0ን አንሺና +251 አስቀድሚ፤ የአባዬን፣ የጎረቤታችንን፣ የንስሐ አባቷን ቁጥር ብታስተካክዪላት ይበቃታል። ዱባይ ያለችው አክስታችን ስትደውል በዋትስአፕ ጥሪው አይገባም፤ እዚያ አገር የዋትስአፕ ጥሪ ዝግ ነው። መልእክትና የተቀዳ ድምፅ ግን ይደርሳል፤ እማዬ አኮረፈችኝ እንዳትል ንገሪያት።

እባክሽ ይህችን አትርሺ። ዴልሂ ከአዲስ አበባ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ስልኩም ሲያርፍ ሰዓቱን በራሱ ያዞራል። የእማዬ የኪኒን ማንቂያ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የተሞላው። ዴልሂ ማታ 2 ሰዓት ሲል አገር ቤት ገና 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ያለ ጊዜው ትወስዳለች ማለት ነው። በየትኛው ሰዓት እንደምትቀጥል ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቂና ማንቂያውን እንደሱ ሙዪ። ኪኒኑ የልብ ነው፣ በግምት አይሁን። ሌሊት ሲያፍናት ቀና ብላ ነው የምትተኛው አልሽኝ፤ እዚያም ትራሷን ደርቢላት።

የምርመራ ወረቀቶቹን ስትልኪልኝ እንደ ፎቶ ሳይሆን ዶክመንት በሚለው ላኪ፤ በፎቶ ሲሄድ ዋትስአፕ ይጨምቀውና ቁጥሩ አይነበብም። እዚህ የሚያይልኝ ሐኪም አለ። ከባዱን ፋይል በሆስፒታሉ ዋይፋይ አድርጊው። የተጨማሪ ባትሪውን ነገር ደግሞ፣ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም። ባለ ሁለት ቀጭን እግር ቻርጀራችሁ እዚያ ይገባል፣ ሌላ አትግዢ።

የአንቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ አጠገብሽ አልነበርኩም። ሰርግሽን ለእማዬ ብለሽ ከጥር ወደ ዳግማይ ትንሣኤ ማዛወርሽን ስሰማ አለቀስኩ፤ ታላቅ ወንድም እያለሽ ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸከምሽው። የወረቀቴ ጉዳይ ስላላለቀ ነው እንጂ አንድ ቀንም አላድርም ነበር። እጮኛሽንም አመስግኝልኝ፣ መታገሡ ብቻ ሰውነቱን ነግሮኛል። ጥሎሹን በቪዲዮ አሳዪኝ፤ እማዬ ድና፣ በእግሯ ቆማ የምትመርቅሽ ቀን ደግሞ ስልክ የሚይዝልኝ ሰው ከአሁኑ መድቢ። የጓዳውን ሽርጉድ፣ የድንኳኑን ጫጫታ ሁሉ መስማት እፈልጋለሁ።

አባዬን እግሩን ሳሚልኝ። ብቻውን ሲቀር በየማታው እደውልለታለሁ፤ የቤቱ ዋይፋይ ክፍያ እንዳያልቅበት ከመሄድሽ በፊት የወሩን ክፈዪ።

አሁን *#06# ደውዪና የወጣውን ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ። እሱን ሳላይ ኢሲሙን አልገዛም።

ወንድምሽ፣
ከዋሽንግተን