አውሮፕላኑን አየር ላይ ትተነው ወደ ቤት ሄድን
የዘጋቢ ፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሊዘጋ ነበር። ምዝገባ ሲካሄድ ሰባት ልጅ ብቻ መጣ። ከሰባቱ ሁለቱ ስፖርት ክበብ ሞልቶባቸው የመጡ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት መስሎት በር ተሳስቶ ነው። በር የተሳሳተው ልጅ አሁን የክበቡ ጸሐፊ ነው። ዓመቱን የጨረስነው በ31 አባላት ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። አምና ያሳየኋቸው በሙሉ ስለ አንበሳና ስለ ሜዳ አህያ ነው፤ ሦስተኛው አንበሳ ላይ ስንደርስ ልጆቹ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው መተኛት ጀመሩ። ዘንድሮ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ አስር ክፍል ያለው ዘጋቢ ፊልም ሰጠኝ። ዩኤስኤስ ኒሚትዝ የምትባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2005 ለስድስት ወር ስትዘምት ካሜራ የያዙ ሰዎች አብረው ተሳፍረው የቀረጹት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቴሌቪዥን ታየ። አስር ሰዓት ሙሉ ስለ መርከብ ማን ያያል ብዬ አንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ይዤው ስገባም አቀባበሉ የሚያበረታታ አልነበረም። አንዷ ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ደሴ ላይ መርከብ ምን ይሠራልናል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ባሕር አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ ሎጎ ሐይቅ ነው፣ እሱንም ከዳር ሆኜ።

ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ እንሰበሰባለን። ስክሪናችን ከቤት ያመጣሁት ነጭ አንሶላ ነው (እስካሁን አልመለስኩትም፣ ባለቤቴም ይህን መጽሔት ታነባለች)። ፊልሙ የአማርኛ ጽሑፍ ስለሌለው ልጆቹ ተራ ገብተው ይተረጉማሉ። እኔ እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው፣ ታዲያ በክፍል ውስጥ አፋቸውን በጉልበት የማስከፍታቸው ልጆች እዚህ እየተሻሙ ሲተረጉሙ ሳይ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ቃል ሲያጡ ከራሳቸው ያወጣሉ። አውሮፕላኑን ከመርከቡ ላይ የሚያስፈነጥረውን መሣሪያ "ወንጭፍ" አሉት። ሲያርፍ ከጭራው ወርዶ ገመድ የሚይዘውን "መንጠቆ" አሉት። ከላይ ያለውን የማረፊያ ቦታ "ሜዳው" ብለው ጠሩት። በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ያልገባቸው ግዝፈቷ ነበር። የመርከቧ ርዝመት 333 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ብጽፍም ማንም አልደነገጠም። "እንለካው" አሉ። ደሴ ላይ 333 ሜትር ለጥ ያለ መሬት መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው፣ የኛ የኳስ ሜዳ እንኳ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ በሁለተኛው አጋማሽ ቁልቁል የሚጫወተው ቡድን ነው የሚያሸንፈው። በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምረን በ50 ሜትር ገመድ ቁልቁል አስፋልቱን ይዘን ወረድን። ስድስት ጊዜ ሙሉ ገመድና ሌላ 33 ሜትር። ያበቃው አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በር ላይ ነው። ሰውየው ከማሽናቸው ቀና ብለው ምን እንደምንለካ ጠየቁን። ጸሐፊያችን "መርከብ ነው አባባ። እርስዎ ጭራዋ ላይ ነዎት" አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ባለፍን ቁጥር "መርከቡ ደህና ነው?" ይሉናል።

ውስጧ 5,000 ያህል ሰው ይኖራል። አልጋው ሦስት ሦስት ሆኖ ተደራርቧል፣ መስኮት የለም፣ ከራስህ በላይ አውሮፕላን እያረፈ ትተኛለህ። ሐኪም ቤት አላት፣ የጥርስ ሐኪምም አላት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ፖስታ ቤት፣ ሱቅ። ልጆቹን ያስገረማቸው ግን ውሃው ነው። ከባሕር ጨዋማውን ውሃ ስባ፣ በሙቀት አትንና መልሳ አቀዝቅዛ፣ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ትሠራለች። "በፈረቃ አይደለም?" አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የውሃ ቀን ሲሆን ከትምህርት በፊት ጄሪካን የሚሞሉ ልጆች ናቸው፣ እንዴት አይገርማቸው።

የፊዚክሱ መምህራችን አንድ ሐሙስ መጥቶ ስለ ሞተሩ አስረዳን። ሁለት የኒውክሌር ማብለያዎች አሏት፣ ሙቀቱ ውሃውን እንፋሎት ያደርጋል፣ እንፋሎቱ መርከቧን የሚገፉትን አራት መዘውሮች ያዞራል፣ መብራት ያመነጫል፣ ወንጭፉንም የሚገፋው እሱ ነው። ኒሚትዝ ሥራ የጀመረችው በ1967 ዓ.ም. ነው፣ ደርግ ሥልጣን በያዘበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የኒውክሌር ነዳጇ የተቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የባጃጅ ሹፌር ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ ልምጣ።

ጥር ላይ ነው። በፊልሙ ሌሊት ነው፣ ባሕሩ ተቆጥቷል፣ መርከቧ እንደ እርጎ ቅል ትናጣለች። አውሮፕላኖቹ ደግሞ መመለስ አለባቸው። ሜዳው ላይ የተዘረጉት ገመዶች አራት ናቸው፣ አብራሪው በመንጠቆው አንዱን መያዝ አለበት። እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። አብራሪው መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ ሞተሩን ምን ያደርገዋል? ሁሉም "ይቀንሰዋል" አሉ። ፍሬን ይይዛል ያለም ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው፣ በሙሉ ኃይል ይከፍተዋል። መንጠቆው ገመዱን ከሳተ መልሶ ለመነሳት ያንን ኃይል ይፈልጋል፣ አለዚያ ከሜዳው ጫፍ ቀጥታ ወደ ባሕር ነው። ከያዘ ደግሞ ገመዱ በሁለት ሴኮንድ ያህል ውስጥ አንቆ ያስቀረዋል።

መልሰን ከፈትነው። አንደኛው መጣ፣ ሳተ፣ በእሳት ብልጭታ ሜዳውን ጭሮ ተነሳ። እንደገና ዞሮ መጣ። እንደገና ሳተ። ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ የለም። የምትተረጉመዋ ልጅ ትርጉሙን ትታ "ያዝ! ያዝ!" እያለች ትጮሃለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያርፍ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ መብራት ጠፋ።

አንሶላው ነጭ አንሶላ ሆኖ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በመስኮት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሸፍነው ይታያል። አልመጣም። አውሮፕላኑን አየር ላይ ትተነው ወደ ቤት ሄድን።

በዚያ ሳምንት የአስረኛ ክፍል ልጅ አንዱ በየቀኑ አስተማሪዎች ክፍል በር ላይ እየቆመ፣ "ቲቸር፣ ነዳጁ አልቆ ይሆን እንዴ?" ይለኛል። እኔ እቤት ብቻዬን ጨርሼ ማየት እችል ነበር፣ ላፕቶፔ ቻርጅ ነበረው። እውነቱን ለመናገር አላየሁም ብዬ ዋሽቻለሁ፣ በዚያው ማታ ነው ያየሁት። በሚቀጥለው ሐሙስ ወንበር አልበቃ ብሎ ቆመው ያዩ ነበሩ። የአባላት ቁጥር 31 የገባው በዚያ ሳምንት ነው። ነዳጅ የሚያልቅበትን አየር ላይ እንዳለ ከሌላ አውሮፕላን እንደሚቀዱለት ሲያይ የአስረኛ ክፍሉ ልጅ ተነስቶ አጨበጨበ።

ሜዳው ላይ የሚሠሩት ሰዎች በሸሚዝ ቀለም ነው የሚለዩት፣ ምክንያቱም በዚያ ጩኸት ማንም ማንንም አይሰማም። ቢጫው አውሮፕላኖቹን ወዲህ ወዲያ የሚመራ ነው። ሐምራዊው ነዳጅ ቀጂ። አረንጓዴው የወንጭፉና የገመዱ ሰው። ቀዩ ቦምብ ጫኝ፣ እሳት አጥፊውም ቀይ ነው። ቡናማው አንድ አውሮፕላን በኃላፊነት ተሰጥቶት የሚያጸዳ፣ የሚፈትሽ፣ ለአብራሪው አዘጋጅቶ የሚያስረክብ ነው፣ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወይም ገና ያለፋቸው ልጆች ናቸው፣ ስማቸውም አውሮፕላኑ ላይ ይጻፋል።

ልጆቹ ከሰኞ ገበያ ባለቀለም ሪባን ገዝተው መጡና ሥራ ተከፋፈሉ። ቡናማውን የወሰደችው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፕሮጀክተሩን ተረከበች። ከዚያ ወዲያ እኔ ራሴ ሳላስፈቅድ አልነካውም። መነጽሩን የምትጠርግበት ለብቻው ጨርቅ አላት፣ ሌላ ሰው ሲነካው ታኮርፋለች። አንድ ቀን ፕሮጀክተሩ ጎን ላይ በነጭ ፕላስተር ስሟን ለጥፋ አገኘሁት። ምንም አላልኩም።

ሌላም ነገር ከፊልሙ ወሰዱ። ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች በየቀኑ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ይሄዳሉ። ብሎን፣ ጠጠር፣ ቁራጭ ሽቦ ይለቅማሉ። ያ ቁራጭ ወደ ሞተር ከተሳበ አውሮፕላን ያበላሻል። መኮንኑም ወጥ ሠሪውም እኩል አጎንብሶ ሲለቅም ማየት ደስ ይላል። እኛም ግቢውን እንደዚያው ለቀምን። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የከረሜላ ወረቀት። ሁለተኛው ዙር ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር የቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ቁልፍ ተገኘ። ሁለት ዓመት ስንፈልገው የኖርነው ነው። ቁም ሣጥኑ ግን አምና በመዶሻ ተሰብሮ ተከፍቷል።

ሁሉም ነገር ሳቅ አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ወላጅ መጥተው፣ "መምህር፣ እነዚህ ልጆች በ2014 ያዩት አይበቃቸውም? የጦር መርከብ ምን ያደርግላቸዋል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ በእግራቸው የተሰደዱ ልጆች አሉን። የመጀመሪያው ቀን ጄቶቹ ሲነሱ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ በጣም በቀስታ፣ "ድምፁን መቀነስ ይቻላል?" አለ። ቀነስነው። ከዚያ ወዲያ የአውሮፕላን ድምፅ ያለበት ቦታ ሲደርስ ማንም ሳይናገር አረንጓዴው ሪባን ያለው ልጅ ይቀንሰዋል። ያን የጠየቀውን ልጅ መቅረት ትችላለህ ብዬው ነበር፣ አንድም ቀን አልቀረም። ሪባን ሲከፋፈሉ ቀይ ወሰደ፣ "እሳት አጥፊውን ነው" ብሎ ደግሞ አስመዘገበ።

መርከቧ ያመራችው ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነበር፣ አውሮፕላኖቹም ኢራቅ ላይ ይበሩ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሐሙስ ተከራከሩ። አንዷ "ሳህን ያጥባሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ጦርነቱ ግን የት ነው? እኛ ጋ ያለው ሌላኛው ጫፉ ነው" አለች። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም፣ ደወል ተደወለ።

መጋቢት ላይ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ፈንዲሻ የለ፣ ቆሎ የለ። መርከቡ ላይ ምግብ ቤቱ በታየ ቁጥር ሁለቱም ወገን እኩል ያቃስታል። በነገራችን ላይ መርከብ ላይ 45 ቀን ሳያርፉ ለተጓዙ ሰዎች ሁለት ሁለት ቆርቆሮ ቢራ እንደሚፈቀድ ከጓደኞቻቸው ሳይሆን ከኔ ነው የሰሙት። ጾም ላይ መሆናችንን ረስቼው ነው።

ሚያዝያ ላይ የአንዷ ተማሪያችን አያት እንግዳችን ሆኑ። ድሮ ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ያገለገሉባት መርከብ ስሟ ራሱ "ኢትዮጵያ" ነው። አሜሪካኖች በ1954 ዓ.ም. ከመስጠታቸው በፊት ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምትንከባከብ መርከብ ነበረች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጮኹ። የኒሚትዝ የሩቅ ዘመድ ናት ማለት ነው! በ1983 ወደ የመን ሄዳ በዚያው መቅረቷን ሲነግሩን ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሰውየው ብዙ አልተናገሩም። የደሴ ብርድ ለለመደ ልጅ የምጽዋ ሙቀት ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ የወጡ ቀን እንዴት እንዳስመለሳቸው ነገሩን። ከዚያ ገመድ አምጡ አሉ። የለካንበትን ያንኑ ገመድ ሰጠናቸው። ጣታቸው ተጣሟል፣ ግን ጫፉን አንዴ አዙረው፣ በቀለበቱ አሹልከው፣ ከኋላ መልሰው ሳቡት። ዓይናቸው ገመዱ ላይ አልነበረም፣ የልጅ ልጃቸውን እያዩ ነበር። ቀለበቱ የማይጠብቅ፣ በራሱ የማይፈታ ቋጠሮ ሆነ። "አባባ፣ ይድገሙት" አሉ ልጆቹ። አስራ አንድ ጊዜ ደገሙት። ቋጠሮውን አሁን የሚችሉ ዘጠኝ ልጆች አሉ፣ እኔ አልቻልኩም።

ግንቦት ላይ ሐይቅ ሄድን። ጀልባ ላይ ከወጣነው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው፣ እኔም እቆጠር። በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የሠሩት ወንጭፍ ከጣውላ መርከባቸው ላይ የካርቶን አውሮፕላን አስወነጨፈ፣ አውሮፕላኑም አንድ ሜትር ሳይሞላ ውሃ ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤት ስንሞክረው ግን በመስኮት አልፎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ደርሶ ነበር።

ለከርሞ የፕሮጀክተሩ አምፖል እየደከመ ነው፣ ሌላ ያስፈልገናል፤ አንሶላም እንዲሁ። ቡናማዋ ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ስለጨረሰች ፕሮጀክተሩን ለአስረኛ ክፍሉ ልጅ አስረክባለች፣ ያ ነዳጁ አልቆ ይሆን የሚለው። ርክክቡ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስሟ ያለበትን ፕላስተር ላጠችው፣ ሙጫው ግን አልለቀቀም። በፈተናዋ ሳምንት ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ስለ ፈተናው ስጠይቃት፣ "ቲቸር፣ ጨርቁን አጥቦታል?" አለችኝ።