ስለ አዲሱ ታብሌት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ስለ አዲሱ ታብሌት የጻፍሽልኝን አነበብኩ፤ የላክሽልኝንም የማስተዋወቂያ ዝግጅት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከትኩት። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ጥቂት ካየች በኋላ «ይህን ከልጅህ ጋር ተነጋገሩበት» ብላ ስለተነሣች፣ መልሱ ለእኔ ቀርቷል።

ዕቃው ገበያ ላይ ሳይውል ቀድመሽ ለመመዝገብ እንደምትፈልጊና የዋጋውን ግማሽ እንድሸፍንልሽ ጠይቀሻል። ገንዘቡን አልነፍግሽም። ውሳኔው ግን በማስታወቂያው ሰሞን መሰጠት የለበትም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ታብሌት ለአራትና ለአምስት ዓመት ይበቃኛል ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን፣ በአራተኛው ዓመት ላይ የሚያገለግል ወይም የማያገለግል የሚያደርጉት ነገሮች በመድረክ ላይ እምብዛም አይነሡም። የስክሪኑን ድምቀት፣ የአካሉን መቅጠንና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ደጋግመው ነግረውናል። ፍጥነቱን ያነጻጸሩት ከዓመታት በፊት ከወጣው የራሳቸው ሞዴል ጋር እንደነበር ልብ ብለሻል? የራሙን፣ ማለትም አፕሊኬሽኖች ሲሠሩ የሚጠቀሙበትን ጊዜያዊ ማኅደር፣ መጠንና የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚሰጥበትን ዘመን ግን አንድ ጊዜም ሲያነሡ አልሰማሁም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፓድ በጃንዋሪ 2010 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ ስለ ስክሪኑና አሥር ሰዓት ይቆያል ስለተባለው ባትሪው ብዙ ተወራ፤ ካሜራ የሌለው መሆኑም ብዙ ሰው አስከፋ። ራሙ 256 ሜጋባይት ብቻ መሆኑ ግን የብዙ ገዢዎችን ትኩረት አልሳበም። በማርች 2011 የተዋወቀው አይፓድ 2 ሁለት ካሜራዎች ከመያዙ በተጨማሪ ራሙን በእጥፍ አሳድጎ 512 ሜጋባይት አደረሰው። በሴፕቴምበር 2012 የአይፓድ ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 6ኛ እትሙ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው አይፓድ ማሻሻያውን ከሚያገኙት ዝርዝር ወጥቶ በእትም 5.1.1 ላይ ቀረ፤ አይፓድ 2 ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት እያዘገመም ቢሆን እስከ አይኦኤስ 9 ድረስ ዘልቆ፣ የቀረው በ2016 አይኦኤስ 10 ሲመጣ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ዓመት ያህል የታገሠው ገዢ ካሜራ ብቻ ሳይሆን የዓመታት ተጨማሪ አገልግሎት አገኘ። ማሻሻያ የተቋረጠበት ታብሌት በዚያው ዕለት መሥራት አያቆምም፤ ነገር ግን የደኅንነት ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ ይቀራሉ፣ አዳዲስ አፕሊኬሽኖችም አንድ በአንድ አልጫንም ማለት ይጀምራሉ።

ከዚያ የባሰም ደርሷል። ኤችፒ ተችፓድ የተባለውን ታብሌቱን በጁላይ 2011 ለገበያ አቅርቦ፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ምርቱን ማቋረጡን አስታወቀና የተረፉትን በመነሻ ዋጋቸው አንድ አምስተኛ ገደማ ቸበቸባቸው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የወጣው ፕሌይቡክ የተባለው የብላክቤሪ ታብሌት ደግሞ፣ የኩባንያው ስልኮች በኢሜይል የታወቁ ሆነው ሳለ፣ የራሱ የኢሜይል ፕሮግራም አልነበረውም፤ ያ የመጣው በፌብሩዋሪ 2012 በወጣ ማሻሻያ ነው። አንቺን በጣም ያስደሰተሽ፣ የእጅ ጽሑፍን ወደ ፊደል የሚቀይረው አገልግሎት «ወደፊት በሚለቀቅ ማሻሻያ ይመጣል» ተብሎ መነገሩን ሳይ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ዛሬ በእጅ በሌለ አገልግሎት ምክንያት ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ ሲመጣ ደስ ይበለን እንጂ በዋጋው ውስጥ አትቁጠሪው።

የሚቀጥለውን እየጠበቁ መኖርም መጨረሻ እንደሌለው አውቃለሁ። ሦስተኛው አይፓድ በማርች 2012 ወጥቶ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በአራተኛው ሲተካ፣ በመካከሉ የገዙ ሰዎች ቅር ቢላቸውም ታብሌታቸው ግን ያው የገዙት ታብሌት ነበር። ስለዚህ የምጠይቅሽ የሚቀጥለውን ትውልድ እንድትጠብቂ አይደለም። ዕቃው በሰዎች እጅ ገብቶ፣ ከሻጩ ገንዘብ ያልተቀበሉ ገምጋሚዎችና ተራ ገዢዎች አንድ ወር ያህል እስኪሠሩበት ድረስ ብቻ እንድትቆዪ ነው። መጋሉ፣ ባትሪው በእውነተኛ ሥራ ላይ የሚቆይበት ሰዓት፣ የስክሪኑ ጥራት ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው መለያየቱ፣ ይህ ሁሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታወቃል። «እስከ አሥር ሰዓት» የሚለው አነጋገር ብዙውን ጊዜ የስክሪኑ ብርሃን መካከለኛ ሆኖ፣ በዋይፋይ ድረ ገጽ ሲታይ ወይም ቪዲዮ ሲታይ የተለካ ነው፤ አንቺ ደግሞ ብርሃኑን ከፍ አድርገሽ፣ ሁለት አፕሊኬሽን ጎን ለጎን ከፍተሽ እንደምትሠሪ ነግረሽኛል።

ወደ አንቺ ሥራ ስመለስ፣ ዋናው ነገር ብዕሩ ይመስለኛል። ፒዲኤፍ ላይ ማስታወሻ ለመያዝና የሒሳብ ቀመር በእጅ ለመጻፍ ከሆነ የምትገዢው፣ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይልቅ መዳፍሽን ስክሪኑ ላይ አሳርፈሽ ስትጽፊ የመዳፍሽን ንክኪ እንደ ጽሑፍ የማይቆጥር መሆኑ፣ መስመሩም የብዕሩን ጫፍ ሳይዘገይ መከተሉ ይበልጥብሻል። በአንዳንድ ታብሌቶች ላይ በመስታወቱና በምስሉ መካከል ክፍተት ስላለ፣ ብዕሩ የነካበት ቦታና ቀለሙ የሚወጣበት ቦታ በጥቂቱ ይለያያል፤ ይህን ማንም በቪዲዮ ሊያሳይሽ አይችልም፣ በእጅሽ መሞከር አለብሽ። ብዕሩ አብሮ የሚመጣ ነው ወይስ ለብቻው የሚሸጥ? የራሱ ባትሪ ያለው ነው ወይስ ኃይሉን ከስክሪኑ የሚያገኝ? በዝግጅቱ ላይ ሁሉም ሰው ብዕር ይዞ ይታይ ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ አለ ያለ ሰው ግን አላየሁም። ኪቦርዱም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ጨምረሽ ስትደምሪ ዋጋው ደህና ላፕቶፕ ሊያክል ይችላል።

ላፕቶፕን ካነሣን አይቀር፣ «ላፕቶፔን ይተካልኛል» ያልሽው ብዙም አላሳመነኝም። በኦክቶበር 2012 የወጣው የማይክሮሶፍት ሰርፌስ አርቲ መልኩ ዊንዶውስ ሆኖ ሳለ የተለመዱትን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች መጫን አይችልም ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በማግሥቱ ዓመት በዚሁ ታብሌት ምክንያት 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ታብሌቶች ብዙ ተሻሽለዋል። ሆኖም ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የምትጠቀሚበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለታብሌቱ የተዘጋጀ መሆኑን በስሙ ፈልገሽ አረጋግጪ እንጂ፣ «ተመሳሳይ አይጠፋም» በሚል ተስፋ ላፕቶፕሽን አትሽጪ።

ማከማቻውንም ዝቅተኛውን አትምረጪ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጠው፣ ፋብሪካው አንዱን ጊጋባይት በ1 ቢሊዮን ባይት ስለሚቆጥር፣ ኮምፒውተሮች በለመዱት በሌላው አቆጣጠር 60 ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አይፓድ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ኖሮት አያውቅም፤ ከአንድሮይድ ታብሌቶች አንዳንዶቹ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ስካን የተደረጉ መጻሕፍት እንደምትሰበስቢ ስለማውቅ ይህን አጥብቄ እመክርሻለሁ። ሲም ካርድ የሚቀበለው ሞዴል ግን አያስፈልግሽም፤ ከስልክሽ ኢንተርኔት ማጋራት ትችያለሽ።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የማደላው ወደዚህ ነው። አዲሱ ሲወጣ ያለፈው ዓመት ሞዴል ዋጋው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፣ ጉድለቱም በረከቱም ታውቆ ያለቀ ነው። የምትጠነቀቂው በአንድ ነገር ነው፦ አምራቾች ቃል የሚገቡት የማሻሻያ ዘመን በአብዛኛው የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ አንቺ ከገዛሽበት ቀን አይደለም። ሰባት ዓመት የተባለለትን ከወጣ ሁለት ዓመት በሆነው ጊዜ ብትገዢው ለአንቺ የሚቀርሽ አምስት ነው። ባትሪውንም በዚሁ አስቢው፤ አፕል የአይፓድ ባትሪ ከ1000 ሙሉ የቻርጅ ዑደት በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ይናገራል፤ ከሙቀት ቦታ ካራቅሽውና ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልተሽ ካላስቀመጥሽው ከዚያም ሊሻል ይችላል። ባትሪ መቀየር ቢያስፈልግ ግን አብዛኞቹ ታብሌቶች በሙጫ የተጣበቁ ስለሆኑ ሥራው ለባለሙያም አድካሚ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የዋጋውን ግማሽ ከአሁኑ ለብቻው አስቀምጬልሻለሁ፤ አዲሱን ብትመርጪም ያለፈውን ዓመት ብትመርጪም ያንኑ እልክልሻለሁ፣ ካለፈው ዓመት ሞዴል የሚተርፈው ለብዕሩ ይሁንሽ። አዲሱ ታብሌት መደብር ሲደርስ ሄደሽ አንድ ገጽ ሙሉ በብዕሩ ጻፊበት፣ የራሙንና የማሻሻያውን ጉዳይ ከአምራቹ መግለጫ ላይ አይተሽ ጻፊልኝ። ይህን ካደረግሽ በኋላ የምትመርጪውን አልከራከርም፤ ለ64 ጊጋባይቱ ብቻ አልከፍልም።

እናትሽን በጣም ናፍቀሻታል። እሷ እንደምትለው፣ ታብሌቱን በገዛሽ ዕለት መጀመሪያ የምትደውዪው ለእሷ ነው።

አባትሽ