ይድረስ ባቲ ላሉት አባቴ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የደሴ ብርድ እንደሚያውቁት ነው፤ ጦሳ ጉሙን ለብሶ ከዋለ እኔም ጋቢዬን አልጥልም። የጻፍኩት በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያሉ ስለሚዘጉብኝ ነው። የሚያነብልዎ የእህቴ ልጅ ከሆነ ረጋ ብሎ ያንብብ፤ መስመር አይዝለል።

ክረምት ላይ የመምህራን ሥልጠና ገብቼ ነበር። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ 4.7 ብሎ ጻፈ። የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቋቸው የዘላቂ ልማት ግቦች በአራተኛው፣ በትምህርቱ፣ ሥር ያለ ንዑስ ግብ ነው፤ እስከ 2030 ተማሪ ሁሉ ስለ ሰላም፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ባህል ብዝኃነትና ስለ ዓለም አቀፍ ዜግነት ይማር ይላል። ላሊበላን በቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1974 ተመሳሳይ ምክረ ሐሳብ አውጥቶ በ2023 አድሶታል። እዚህ ላይ እያዛጉ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አዛግቻለሁ።

ክፍል ገብቼ የጃፓኖችን ሰላምታ፣ የሕንዶችን በዓል አስተማርኩ። ልጆቹ ጻፉ፤ ፈተናውንም ሠሩ። ከዚያ አንድ ወሬ በስልክ መጣ፤ እነ እገሌ እነ እገሌን እንዲህ አደረጓቸው የሚል። የሩቁን አገር ሰላምታ በቃላቸው የያዙት ልጆች ከአንድ ዴስክ ተነሥተው ለየብቻ ተቀመጡ። ወሬው ሁለት ቀን ሳይቆይ ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ እነሱ ግን እስከ ዓርብ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም።

ያን ዕለት ማታ የባቲ የሰኞ ገበያ ትዝ አለኝ። አፋሩ ግመሉን አንበርክኮ ሲመጣ ዋጋ አይጠራም፤ እርስዎም አይጠይቁትም። ጥላ ፈልጋችሁ ቁጭ ትላላችሁ፤ ዳጉ፣ ያ የአፋሮች ወሬ መለዋወጫ ወግ፣ ይጀመራል። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? የትኛው መንገድ ሰላም ነው? እኔ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ «ምነው እህሉን ሸጠን በሄድን» እል ነበር። ሲተረጉሙልኝ አንዷ ጥያቄ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች፦ «በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከማን?» ዳጉ ላይ መዋሸት እንደሚያስቀጣም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

አሁን ክፍሌ ውስጥ የስልክ ወሬ ሁሉ በዚህ ያልፋል፤ ማን አየ፣ ከማን ሰማህ፣ መቼ። አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ ከሆነማ ቲቸር፣ ወሬ ሊያልቅብን ነው!» አለኝ።

ሌላዋ ደግሞ «አንድ ሥጋ አብረን ካልበላን ምኑን ተቻቻልን?» ብላ ያዘችኝ። መቻቻል የሚለውን ቃል እኔም አልወደውም፤ ጎረቤትን ጥርስ ነክሶ መታገሥ ይመስለኛል። የወንድሜን ሠርግ ነገርኳት። ሁለተኛውን ሰንጋ ሐጂ ባረኩት፤ ድስቱም ጭልፋውም ከሐጂ ቤት መጣ፤ ዳሱም ለብቻው ተጣለ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሙሽራው እናት ሆና ሳለ የኛ ጭልፋ ተሳስቶ እዚያ እንዳይገባ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ዋለች። ልጅቷ ዝም አለች። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ እያሰበችበት ነው።

አባዬ፣ አሁን ቅር ያለኝን ልናገር። እርስዎ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አፋርኛውንም እየተናገሩ ሲነግዱ፣ እኔን በአንዱ ብቻ አሳድገው ለትምህርት ደሴ ሰደዱኝ። ለሥራ እንዲመቸኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን ባቲ ስመጣ በገዛ ገበያዬ አስተርጓሚ የምፈልገው እኔ ነኝ።

ደግሞ የአያቴ አባት ስም የነቢዩ ስም መሆኑን ከእርስዎ አልሰማሁም፤ ለቅሶ ቤት አንዲት አሮጊት ናቸው ያወጡት። ወሎ ውስጥ ስሙ የተቀላቀለበት ቤት ብዙ ነው፤ «የፍቅር አገር ነን» ብለን እናልፈዋለን። ፍቅርም አለ፣ ጋብቻም አለ። ግን በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአጼ ዮሐንስ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊም ተገዶ ይጠመቅ እንደነበርም አስተምራለሁ፤ መሐመድ አሊ ያን ጊዜ ነው ሚካኤል የተባሉት፣ ኋላ ንጉሥ የሆኑት። የእኛ ቤት ከየትኛው ነው? ወደው ነው ወይስ ተገደው? ልጆቹ ሲጠይቁኝ ስለ ንጉሡ እመልሳለሁ፤ ስለ ራሴ ቅድመ አያት ግን አፌን ይይዘኛል።

ስለዚህ ዳጉ እንቀመጥ። ያዩትን እንዳዩት፣ የሰሙትን ከማን እንደሰሙት ይንገሩኝ። ከቻሉ በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ እዚያው ባቲ መጠለያ ያዩትንም ይጨምሩልኝ፤ ልጆቹ ስለዚያ ዘመን የሚያውቁት የውጭ አገር ሰው ካነሣው ፎቶ ነው።

ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ በመጀመሪያው ሰኞ አሥራ አንድ ተማሪዎች ይዤ እመጣለሁ። ሰባቱ ሙስሊም ናቸው፤ አራቱ ክርስቲያን። ለሁሉም ሽሮ ይሠራ ብለው እንዳይገላገሉኝ። ለሐጂ ቤት አስቀድመው ይንገሩልኝ፤ ድስቱን እነሱ ያመጣሉ፤ ጭልፋውን ዘንድሮ እኔ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ፣ ከደሴ