የሐይቁ ዳርቻ ለመኖሪያ መንደር እንዳይሰጥ፦ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

ለሐይቅ ከተማና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ በደሴ፣ በአዲስ አበባና በአረብ አገር ላላችሁ የወሎ ልጆች በሙሉ፦

ዳርቻው እንዳይሰጥ በግንቦት ያስገባነው አቤቱታ «በባለሙያ ማስረጃ አልተደገፈም» ተብሎ ተመልሶልናል። ከዚያ ወዲህ መዋጮውም ቀዝቅዟል። በዚህ የኑሮ ውድነት ደጋግሞ እጅ መዘርጋት ለእኛም ይከብደናል። ነገር ግን አረንጓዴ ቦታ ተብሎ የተያዘው ዳርቻ በረቂቅ ፕላኑ ወደ መኖሪያ ተቀይሮ ለታውን ሃውስ (ተያይዘው የሚሠሩ ቤቶች) መንደር ሊሰጥ ነው። በረቂቁ ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚቀበሉት እስከ ነሐሴ 20 ብቻ ነው።

ቤት አይሠራ አላልንም፤ ከተማዋ ቤት ያስፈልጋታል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ከፍታው ላይ ይሠራ ነው ያልነው። ሐይቃችን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የአንከርከሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የገባው ቆሻሻ ታጥቦ አይሄድም። ፍሳሽ የሚያመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌ ያበዛል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣም ታፍኖ ያልቃል።

«ሴፕቲክ ታንክ ይሠራል» የሚሉን አሉ። ታንክ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ካላለ አፈሩ ሳያጣራው ሐይቅ ይገባል። በነሐሴ እኮ ሁለት ክንድ ሳይቆፈር ውኃ የሚፈልቅበት ዳርቻ ነው! ቄጤማውና ፊላው ለመሠረት ሲመነጠር ደግሞ ደለሉን የሚይዝ አይኖርም። ዳርቻውም ባለበት አይቆምም፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት እንደነበር፣ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ እንደተገናኘ ሁላችንም እናውቃለን። የሸሸ ውኃ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን የሚያስፈልገው 260,000 ብር ነው። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ቶታል ስቴሽን በተባለው የቅየሳ መሣሪያ የከፍተኛውን ውኃ ወሰን ለክቶ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ስምንት የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቁፋሮውን ወጣቶቹ በደቦ ይሠሩታል፣ ክፍያው ውኃው በስንት ሜትር እንደተገኘ ለሚመዘግበው ባለሙያ ነው። ይህ በክረምት ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ በበጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ መንደሩን ለሚፈልጉት ይመሰክራል። ከአምስት ቦታ የውኃ ናሙና ይወሰዳል። የባክቴሪያው ናሙና በበረዶ ሳጥን፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ውጤቱ አይታመንም፤ ለመኪና ኪራይ የያዝነው ገንዘብም ለዚሁ ነው። ቀሪው ለሕግ ባለሙያ ነው፦ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹህ አካባቢ መብት ነው ይላል። ይህን በወጉ ጽፎ የሚያቀርብልን ያስፈልጋል።

«የእስካሁኑ ገንዘብ የት ገባ?» ለምትሉ፣ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። የዋንዛና የወይራ ችግኝ ተተክሎ አጥር ታጥሮለታል፤ ሄዳችሁ እዩት። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያቆመው የድንጋይ ክትር ሁለት ክረምት ችሏል። ለአበል አንድ ብር አልወጣም፤ ደሴ የተመላለሱት የኮሚቴ አባላት ትራንስፖርታቸውን ከኪሳቸው ከፍለዋል። ደረሰኙ ሁሉ በቅሬው (በእድሩ) ቤት ተቀምጧል። በሂሳቡ ያለው 84,000 ብር ነው፤ የጎደለው 176,000 ብር።

መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ድንጋይ ያቀበለበት አገር ነው። ይህ ውኃ የሁላችን ነው። ለሙስሊሙ ሰደቀቱል ጃሪያ (ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት)፣ ለክርስቲያኑ መባ ነው። ያላችሁ ስጡ፤ የሌላችሁ በቁፋሮው ቀን ዶማና አካፋ ይዛችሁ ኑ።

ክፍያው በባንክ ብቻ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ በቅሬው ቤት በርና በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ተደርጎበት ተለጥፏል። ሂሳቡ በኮሚቴው ስም የተከፈተ ሲሆን ሦስት ፈራሚዎች ካልተገኙ አይንቀሳቀስም። ስትልኩ በምክንያቱ ላይ «ለሐይቅ ዳርቻ» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ። ሩቅ ያላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰብ አረጋግጡ። በድጋሚ፦ በማንም ግለሰብ ስም ወይም የግል ቴሌብር አትላኩ፤ ኮሚቴው በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም። ደረሰኝ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በቅሬው ቤት ይሰጣል። ቀያሹ ሥራ የሚጀምረው ግማሽ ክፍያ ሲቀበል ነውና እስከ ሐምሌ 30 አስገቡልን።

የሐይቅ ዳርቻ ጥበቃ ኮሚቴ