የቅዳሜው ውይይት

ሰላም የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት የምንወያየው በሪትቫ ሬይኒካና በያኮብ ስቬንሰን የኡጋንዳ ጥናት ላይ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ የመንግሥትን መዝገብ ከ250 ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ጋር አመሳከሩ። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ከተመደበው የተማሪዎች ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። በጣም ያናድዳል! ከዚያ መንግሥት የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለውጡን ያመጣው ጋዜጣው ብቻ ነው ወይ? ክርክራችን እዚህ ላይ ቢያተኩር ደስ ይለኛል።

ቦታው የተለመደው አዳራሽ ነው። ጥናቱን አንብባችሁ ኑ። ወረዳችሁ በጀቱን በሰሌዳ ለጥፎ ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ አምጡ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን።